ብረት ማንሳት ሰውነት ያደርቃል?

የአንባቢያችን ደብዳቤ፦

«ዕድሜዬ 36 ነው፤ ሥራዬ ቁጭ ብሎ የሚዋልበት ነው። ከ8 ወር በፊት ጂም ገብቼ ክብደት መሥራት ጀመርኩ። በሳምንት 4 ቀን እሠራለሁ፦ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ባር መግፋት)፣ ፑሽ አፕ፣ ባይሴፕስ፣ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ሌግ ፕሬስ (በማሽን ክብደት በእግር መግፋት)። ጉልበቴ እንደጨመረ አይካድም። ግን እጄን ወደ ላይ ስሰቅል ትከሻዬን ይይዘኛል፣ ጀርባዬን ማከክ አቅቶኛል፣ ስኳት ስወርድ ተረከዜ ይነሳል፣ ጎንበስ ብዬ የጫማ ክር ማሰርም እየከበደኝ መጥቷል። ጓደኛዬ ‹ብረት ያደርቃል፤ ተወውና ስትሬቺንግ ብቻ ሥራ› ይለኛል። አሰልጣኜ ደግሞ ‹ሰውነትህ ይለምዳል፤ ኪሎ ጨምር› ይላል። የማንን ልስማ? ሌላው፣ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ደርቆ ከወንበር መነሳት ያስቸግራታል። እሷ ክብደት ብትሠራ ይበጃታል ወይስ ይብስባታል?»

መልስ፦

ብረት አያደርቅም። እርስዎን የያዘዎት ብረቱን የሚያመላልሱበት መንገድ ማጠሩ ነው። ስለዚህ ጓደኛዎ ምልክቱን በትክክል አይተው ጥፋተኛውን ተሳስተዋል። አሰልጣኙ ደግሞ ስፖርቱን አይተዉ ማለታቸው ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ኪሎ ጨምር ማለታቸው ግን አሁን ባሉበት ሁኔታ ነገሩን ያብሰዋል።

ክብደት የሚያነሳ ሰው ይደርቃል የሚለው አባባል የቆየ ነው፤ ጥናት ግን አልደገፈውም። በ2021 የታተመ፣ 11 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ ክብደት የሠሩና ስትሬቺንግ የሠሩ ሰዎችን ሲያነጻጽር በመገጣጠሚያ የእንቅስቃሴ ስፋት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ሁለቱም ጨምረዋል። በ2023 የወጣ ሰፋ ያለ ግምገማም ክብደት መሥራት ብቻውን ስፋትን እንደሚጨምር አሳይቷል። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚጠቅመን ነጥብ አለ፤ ጭማሪው በግልጽ የታየው በማሽን፣ በባር፣ በደምቤልና በመሳሰለው የውጭ ጭነት በሠሩት ላይ እንጂ የራሳቸውን ሰውነት ብቻ እንደ ክብደት በተጠቀሙት ላይ አልነበረም። ፑሽ አፕ ትከሻዎን ያላፍታታው ለምን እንደሆነ ይህ ትንሽ ይጠቁማል።

አንድ መገጣጠሚያ እስከ የት እንደሚሄድ የሚወስኑት ነገሮች ብዙ ናቸው። አንዱ የአጥንቱ ቅርጽ ነው፤ የዳሌ ጎድጓዳው ጥልቅ የሆነበት ሰው በምንም ዓይነት ልምምድ ጥልቀቱን አይለውጠውም። ቀጥሎ መገጣጠሚያውን የሸፈነው ከረጢትና አጥንትን ከአጥንት የሚያስሩት ጅማቶች አሉ። ከዚያም ጡንቻው፣ ጡንቻውን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት፣ በመጨረሻም ሁሉንም የሚቆጣጠረው ሥርዓተ ነርቭ። ብዙ ሰው ‹ጡንቻዬ አጠረ› ሲል በአብዛኛው የያዘው ይህ የመጨረሻው ነው። ጡንቻ ሲለጠጥ ነርቭ ‹በቃ› የሚለው ጡንቻው የመጨረሻ ርዝመቱ ላይ ሳይደርስ፣ ገና ሲጠራጠር ነው። የሚጠራጠረው ደግሞ በዚያ ቦታ ላይ ጉልበት እንደሌለዎት ስለሚያውቅ ሳይሆን አይቀርም። ጉልበት የሌለበትን ቦታ ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ክብደት ይዘው ወደዚያ ጫፍ በቀስታ ሲሄዱ፣ እዚያ ቆመው ሲመለሱ፣ ይህንንም ለሳምንታት ሲደጋግሙት ይከፍተዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገኘው ለውጥ በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ወራት ሲያልፉ ሌላ ለውጥ ይጨመርበታል። ጡንቻ እየተለጠጠ ጭነት ሲሸከም፣ ማለትም ክብደቱን በዝግታ ሲያወርዱ፣ የጡንቻ ክሮች ርዝመት እንደሚጨምር በአልትራሳውንድ ተለክቶ ታይቷል። ለዚህ ነው ከዚህ በታች ደጋግመን ‹አወራረዱ› ላይ የምንጨቀጭቅዎት። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ወንድ ተማሪዎችን ለ6 ሳምንት አሠርቶ የቋንጃ ጡንቻቸውን ለክቷል። አንዱ ቡድን ቆሞ የሚያዝ ስትሬቺንግ ሠራ፤ ሌላው ጡንቻው እየረዘመ ጭነት የሚሸከምበትን ልምምድ ሠራ። ሁለቱም 12 ዲግሪ ገደማ አገኙ። ልዩነቱ ሁለተኛው ዘዴ ስፋቱን የሚሰጠው ጭነት በመሸከም መሆኑ ነው።

እንግዲህ ወደ እርስዎ እንመለስ። ደብዳቤዎ ላይ የዘረዘሯቸውን እንቅስቃሴዎች አንድ በአንድ አየናቸው፤ እጅን ከጭንቅላት በላይ የሚያደርስ አንድም የለም። 8 ወር ሙሉ ትከሻዎ ጭነት የተሸከመው ከደረት ፊት ለፊት ብቻ ነው፤ የቀረውን ቀን ደግሞ ኪቦርድ ላይ ወደ ፊት ዘሞ ይውላል። የሚጎትት እንቅስቃሴም የለም፤ ባይሴፕስ ክርንን እንጂ ትከሻን አይጎትትም። ስኳቱንም ሳናየው መገመት እንችላለን፤ ተረከዝ የሚነሳበት ሰው ብዙውን ጊዜ እዚያ ከመድረሱ በፊት ይመለሳል፤ ኪሎ በጨመረ ቁጥርም ሳያውቀው ቀድሞ ይመለሳል። ‹ኪሎ ጨምር› የሚለው ምክር ጉዳቱ ይሄ ነው። ክብደት ሲከብድ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ኪሎውን ሳይሆን መንገዱን ነው።

አንድ ሌላ የተደበቀ ምክንያት አለ። ጠንከር ያለ ልምምድ ከሠሩ በኋላ የሚመጣው የጡንቻ ሕመም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል፤ እስኪለቅ ድረስም መገጣጠሚያውን ለጊዜው ያሳጥረዋል። በሳምንት 4 ቀን አንድ ዓይነት ጡንቻ የሚደበድብ ሰው ከዚህ ሕመም ሳይወጣ ወደ ሌላው ይገባል። ‹ደረቅሁ› ከሚሉት ውስጥ ቀላል የማይባለው ይህ ሊሆን ይችላል፤ 5 ቀን ቢያርፉ ራሱ ይለቃል።

የጡንቻ ግዝፈትስ? እሱም አንዳንድ ቦታ ይከለክላል። ክንዱ በጣም የገዘፈ ሰው ክርኑን ሲያጥፍ ሥጋ ከሥጋ ይጋጠምና ጣቱ ትከሻው ላይ ላይደርስ ይችላል። በ8 ወር ግን እዚያ የደረሰ ሰው የለም፤ ስለዚህ ይህን ከሐሳብዎ ያውጡት።

ምንም ከመቀየርዎ በፊት ይለኩ። ቢያንስ 2 ቀን ካረፉ በኋላ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ሰውነትዎ ሳይሞቅ ይለኩና ይጻፉት። ሜትርና ግድግዳ ይበቃል።

ለትከሻ፦ ተረከዝዎን ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው ይቁሙ፤ መቀመጫዎ፣ ጀርባዎና ጭንቅላትዎ ግድግዳውን ይንካ። ክርንዎን ሳያጥፉ ሁለት እጅዎን በፊት በኩል ወደ ላይ ይስቀሉ። ወገብዎ ከግድግዳው ሳይሸሽ አውራ ጣትዎ ግድግዳውን ከነካ ደህና ነው። ካልነካ የቀረውን ርቀት ይለኩ። ከዚያ ሌላ ሰው እጅዎን በቀስታ ወደ ግድግዳው ይግፋልዎ። ሲገፋ ከደረሰ መንገዱ ክፍት ነው፤ የጎደለው ጉልበት ነው። ሲገፋም ካልደረሰ የያዘው ነገር ስላለ ለውጡ ይዘገያል። ይህን ልዩነት ማወቅ ብዙ ከንቱ ድካም ያድናል።

ለቁርጭምጭሚት፦ ባዶ እግርዎን ግድግዳ ፊት ያስቀምጡና ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበትዎ ግድግዳውን እንዲነካ ያድርጉ። እየነካ እግርዎን ወደ ኋላ ያስኪዱ፤ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ግድግዳ ያለው የመጨረሻው ርቀት ውጤትዎ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ለጥልቅ ስኳት ይበቃል። ከ7 በታች ከሆነ ተረከዝዎ የሚነሳበትን ምክንያት አገኙት ማለት ነው። በግራና በቀኝ መካከል ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ደካማውን ጎን አንድ ዙር ይጨምሩለት። የሚሰማዎት ነገር ባት ላይ ከሆነ ጡንቻ ነው፤ ከፊት በኩል፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚቆነጥጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ መገጣጠሚያው ጋ ስለሆነ በግድ አይግፉት።

ለቋንጃ፦ በጀርባዎ ተኝተው አንዱን እግር መሬት ላይ እንደተዘረጋ ይተዉትና ሌላውን ጉልበቱን ሳያጥፉ ያንሱ። ወደ 80 ዲግሪ ከደረሰ፣ ማለትም ቀጥ ብሎ ለመቆም ጥቂት ከቀረው፣ ጫማ ለማሰር ያስቸገረዎት ቋንጃዎ አይደለም፤ ዳሌዎ ወይም ወገብዎ ነው። ዳሌን ለመለየት በእጅና በጉልበትዎ ተንበርክከው መቀመጫዎን ወደ ተረከዝዎ ይመልሱት። ጀርባዎ ሳይጎብጥ ተረከዝዎ ጋ ከደረሰ ዳሌዎ ነጻ ነው፤ የስኳቱ ችግር የቁርጭምጭሚት ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ነገር ኪሎውን መቀነስ ነው፤ አሁን ከሚያነሱት ከግማሽ እስከ 60 በመቶ ድረስ ያውርዱት። ስኳት በ60 ኪሎ የሚሠሩ ከሆነ ከ30 እስከ 35 ይጀምሩ። ያማል፣ እናውቃለን፤ ግን 60 ኪሎ በግማሽ መንገድ ያነሱት እንጂ ሙሉውን አላነሱትም። እያንዳንዱን ድግግሞሽ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ እየቆጠሩ ያውርዱ፣ ጡንቻው በተለጠጠበት ጫፍ 2 ሰከንድ ይቁሙ፣ በ1 ወይም በ2 ሰከንድ ይመለሱ። ጫፉ ላይ አይንጠሩ፤ መንጠር መንገዱን በጉልበት ሳይሆን በፍጥነት ማለፍ ነው፤ ነርቭም ከዚያ የሚማረው ነገር የለም። 3 ዙር፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 10 ድግግሞሽ፤ ገና 2 መሥራት እየቻሉ ያቁሙ። መጀመሪያ የሚጨመረው ስፋቱ ነው። በሁለት ተከታታይ የልምምድ ቀን 3 ዙር በ10 ሙሉውን መንገድ ከሄዱ ብቻ ባር ላይ 2.5 ኪሎ፣ ደምቤል ላይ 1 ወይም 2 ኪሎ ይጨምሩ።

ከትከሻ እንጀምር፤ እርስዎ ላይ ብዙ ሥራ ያለው እዚያ ነው። ላት ፑልዳውን፣ ማለትም ከላይ የተንጠለጠለ ባር ተቀምጦ ወደ ደረት መጎተትን ይጨምሩ፤ ግን ጥቅሙ ወደ ታች ሲጎትቱት ብቻ አይደለም። ባሩ ወደ ላይ ሲመለስ ክርንዎ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፣ ትከሻዎም ወደ ጆሮዎ ይጎተት፣ እዚያ 2 ሰከንድ ይቆዩ። ጂም ውስጥ ብዙ ሰው ይህን ጫፍ ቆርጦ ይጥለዋል። ሁለተኛው ፑልኦቨር ነው፤ አግዳሚው ላይ በጀርባ ተኝተው ከ4 እስከ 6 ኪሎ ያለው አንድ ደምቤል በሁለት እጅ ይዘው፣ ክርን በትንሹ ታጥፎ፣ ከደረት በላይ ወደ ጭንቅላት ኋላ በዝግታ ያወርዱታል። የጎድን አጥንትዎ ወደ ላይ መነሳት በጀመረበት ቅጽበት ይቁሙ፤ ከዚያ በኋላ የሚሄደው ትከሻ ሳይሆን ወገብ ነው። ለ3 ሳምንት ያህል ደምቤሉ ከጆሮዎ እምብዛም ላያልፍ ይችላል፤ ይሁን።

ቤንች ፕሬሱን አይተዉት፤ በባር ፋንታ በደምቤል ይሥሩት። ባር ደረት ላይ ያርፋል፤ ደምቤል ግን ከደረት ዝቅ ሊል ስለሚችል የደረት ጡንቻ ተለጥጦ ይሠራል። ክርን ከጎን 45 ዲግሪ ያህል ይራቅ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ከወጣ ትከሻን ከፊት ይቆነጥጣል። ለመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ለእያንዳንዱ የግፊት ዙር ሁለት የጉተታ ዙር ይሥሩ፤ ከፑልዳውኑ ሌላ በገመድ ማሽን ወይም በደምቤል ወደ ሆድ መጎተት ይበቃል። ይህ መጠን ለዘላለም አይደለም፤ ያለፉትን 8 ወራት ለማካካስ ነው።

ጀርባ ማከክ ሌላ ነገር ይፈልጋል። እጅ ከታች ወደ ጀርባ ሲሄድ ክንድ ወደ ውስጥ ይሽከረከራል፤ የሚይዘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከትከሻ ኋላ ያሉት ትንንሾቹ ጡንቻዎች ናቸው። በጎንዎ ተኝተው የላይኛውን ክርን 90 ዲግሪ አጥፈው ጎንዎ ላይ ያድርጉ፣ በክርንና በጎድን መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ያስገቡ። ከ1 እስከ 2 ኪሎ ደምቤል ይዘው ክንድዎን ወደ ላይ ያዙሩ፣ ከዚያ በ4 ሰከንድ ወደ ሆድዎ ያውርዱ። 2 ዙር በ12። ከ2 ኪሎ በላይ የያዘ ሰው ካዩ የሚሠራው በሌላ ጡንቻ መሆኑን ይወቁ፤ ይህ የኩራት ቦታ አይደለም።

ወደ ስኳት እንለፍ። ተረከዝዎ ከተነሳ ከሥሩ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ ወይም የክብደት ፕሌት ያስገቡ። ክብደት ማንሳትን በውድድር የሚሠሩት እንኳ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ያደርጋሉ፤ ነውር የለውም። ከ8 እስከ 12 ኪሎ ደምቤል ደረትዎ ላይ አቅፈው ይውረዱ፣ ታች ሲደርሱ 5 ሰከንድ ይቀመጡ፣ በክርንዎ ጉልበትዎን ወደ ውጭ ገፋ ያድርጉ። ከፊት የያዙት ክብደት ሚዛን ስለሚሆንዎ ወደ ኋላ ሳይወድቁ መቀመጥ ይቻላል። ሌግ ፕሬሱን ለጊዜው ይተዉት። እግርን ያጠነክራል፤ ቁርጭምጭሚትን ግን ብዙም አያጥፈውም።

ቁርጭምጭሚትን የሚከፍተው የባት ልምምድ ነው፤ እሱም በደረጃ ጠርዝ ላይ ሲሠራ። የእግርዎን ፊት ብቻ ጠርዙ ላይ ያድርጉ፣ ይነሱ፣ ከዚያ ተረከዝዎን በ4 ሰከንድ ከደረጃው በታች ያውርዱና 3 ሰከንድ ይቁሙ። ብዙዎች ጉልበትን ቀጥ አድርገው ብቻ ይሠሩታል። ነገር ግን ስኳት ላይ ጉልበት ታጥፏል፤ ጉልበት ሲታጠፍ ላይኛው የባት ጡንቻ ይላላና ጭነቱ በአብዛኛው ወደ ታችኛው፣ ወደ ጥልቁ ጡንቻ ይሄዳል። ስለዚህ 2 ዙር ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ 3 ዙር ደግሞ ጉልበት በግልጽ ታጥፎ ወይም ተቀምጠው ጭንዎ ላይ ክብደት ጭነው ይሥሩት፤ በየዙሩ 12 ድግግሞሽ። የግድግዳው ልክ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል በጨመረ ቁጥር ከተረከዝ ሥር ያለውን ሳንቃ ያሳንሱ።

ለቋንጃ የሮማንያ ዴድሊፍትን የሚስተካከል የለም። ጉልበት በትንሹ ታጥፎ እዚያው ይቆለፋል፤ መቀመጫ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ባሩ ወይም ደምቤሉ ጭንን እየነካ ይወርዳል። የሚቆሙት ክብደቱ መሬት ሲነካ ሳይሆን መቀመጫዎ ወደ ኋላ መሄድ ሲያቆም ነው። ከዚያ በኋላ የወረደው በሙሉ ከወገብ መጉበጥ የተገኘ ነው። 3 ዙር በ8፣ በ4 ሰከንድ አወራረድ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፦ በመጀመሪያው ሳምንት 2 ዙር ብቻ፣ እጅግ ቀላል በሆነ ክብደት ይሥሩ። ጡንቻ ተለጥጦ ጭነት መሸከም ያልለመደ ሰው በሦስት ዙር ቢጀምረው በሁለተኛው ቀን መቀመጥ ያቅተዋል፤ ከዚያም ‹ይኸው አደረቀኝ› ብሎ ይተወዋል። ያ ሕመም በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት በጣም ይቀንሳል፤ ጡንቻው ይለምደዋልና። አሰልጣኙ ‹ይለምዳል› ያሉት በዚህ ላይ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ።

ሁሉም ላይ የሚደጋገም አንድ ጥፋት አለ። ሰውነት በአንድ መገጣጠሚያ ስፋት ሲጎድለው ከጎረቤቱ ይበደራል። ትከሻ እጅን መስቀል ሲያቅተው ወገብ ይለጠጥና እጅ ላይ የደረሰ ይመስላል። ቋንጃ ሲይዝ ጀርባ ይጎብጣል። ቁርጭምጭሚት ሲደርቅ የእግር ቅስት ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ጉልበትም ተከትሎ ይገባል። ብድሩ ለጊዜው ያስኬዳል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ያበደረው ነው፤ ወገቡ፣ ጉልበቱ። መስተዋት ይህን ሁሉ አያሳይም፤ ስልክዎን በጎን በኩል አቁመው አንድ ዙር ይቅረጹ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ድግግሞሾች ይመልከቱ። ብድሩ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሳምንቱን ከ4 ቀን ወደ 3 ያውርዱት፤ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን እረፍት። በየቀኑ ሁሉንም በጥቂቱ ይንኩ፦ ሁለት ጉተታ፣ አንድ ግፊት፣ ስኳት፣ የሮማንያ ዴድሊፍት፣ ባት። ፑልኦቨሩን በሁለቱ ቀን፣ የፎጣውን ልምምድ በሦስቱም። አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

ስትሬቺንግን በተመለከተ ጓደኛዎን አንቃወምም፤ ቦታውን ብቻ እናስተካክል። ከልምምድ በፊት ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም ብስክሌት፣ ቀጥሎም የዕለቱን እንቅስቃሴ በባዶ ባር 10 ጊዜ፤ ማሟሟቂያው ይኸው ነው። አንድን ጡንቻ ከ60 ሰከንድ በላይ ለጥጦ ይዞ ወዲያው ከባድ ክብደት ማንሳት ጉልበትን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ አጭር ከሆነ ግን ይህ ነው የሚባል ጉዳት የለውም። ጥሩ ቦታው ከልምምድ በኋላ ወይም በእረፍት ቀን ነው፤ 30 ሰከንድ፣ ለአንድ ጡንቻ ከ2 እስከ 4 ጊዜ። ዘመናዊ ዳንስ ወይም ጅምናስቲክ ካልሠሩ በቀር ከዚህ በላይ አያስፈልግዎትም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይበልጥ የደረቁ ሊመስልዎት ይችላል፤ ሕመሙ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሜትሩ መናገር ይጀምራል። ለሙሉ ለውጥ 8 ሳምንት ይስጡት፤ በየ2 ሳምንቱ ይለኩ፣ በየቀኑ አይለኩ። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀርፋፋ ስለሆነ ወራት ይፈልጋል፤ ጉልበትዎ ቢፈቅድም ኪሎ ለመጨመር የማያጣድፉት ለዚያ ነው።

ልምምዱን አቁመው ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ማየት ያለብዎት መቼ ነው? ትከሻዎ ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅሰውም የማይሄድ ከሆነ፣ በተለይ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ካልተቻለና ሌሊት ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ የቀዘቀዘ ትከሻ የሚባለው ሊሆን ይችላል። በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎችና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ይታያል፤ በኃይል መግፋት ያባብሰዋል። መገጣጠሚያ ካበጠ፣ ጉልበት ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ጠዋት ጠዋት ብዙ መገጣጠሚያ ከ30 ደቂቃ በላይ ደርቆ የሚቆይ ከሆነም እንዲሁ። ዳሌዎ ታች ሲደርስ ከፊት አጥንት ከአጥንት የገጠመ ያህል ድንገት ከቆመ ደግሞ እግርዎን ሰፋ አድርገው ጣቶችዎን ወደ ውጭ ያዙሩ፤ ያ ካልለወጠው የአጥንትዎ ቅርጽ ነውና እዚያው ላይ መመለስ ነው።

በተቃራኒው ከመጠን በላይ የሚተጣጠፉ ሰዎች አሉ፤ አውራ ጣታቸው ክንዳቸውን የሚነካ፣ ክርናቸውና ጉልበታቸው ወደ ኋላ የሚታጠፍ። እንዲህ ያለ ሰው ‹ደረቅሁ› ሲል ብዙ ጊዜ ጡንቻው ልል የሆነውን መገጣጠሚያ ለመጠበቅ ጨብጦት ነው። ስትሬቺንግ ለእሱ መድኃኒት አይደለም፤ ከመጨረሻው ጫፍ ትንሽ ቀደም ብሎ እየቆመ ክብደት መሥራት ነው የሚበጀው።

የእናትዎን ጥያቄ ለብቻው ያቆየነው መልሱ አጭር ስላልሆነ ነው። ክብደት መሥራት በ68 ዓመት ይበጃል እንጂ አይጎዳም፤ የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ላለባቸው ሰዎች እንኳ ከመጀመሪያዎቹ ሕክምናዎች አንዱ ሆኖ የሚታዘዘው የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ነው። አስቀድመው ግን የደም ግፊታቸውንና ልባቸውን ይታዩ፤ የአጥንት መሳሳት ካለባቸው ጀርባ አጉብጦ ክብደት ማንሳት ፈጽሞ አይፈቀድም።

እሳቸው የሚጀምሩት በወንበር ነው። መቀመጫው ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ የማይንሸራተት፣ ጀርባው ግድግዳ የተደገፈ ወንበር ላይ ጠንካራ ትራስ ያስቀምጡ። ይነሳሉ፤ ከዚያ እስከ 4 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይቀመጣሉ። ቁልፉ አቀማመጡ ነው፤ ዘፍ ብሎ መውደቅ ልምምድ አይሆንም። በእጅ መደገፍ ካስፈለጋቸው ይደገፉ። 2 ዙር፣ በየዙሩ ከ6 እስከ 8፣ በሳምንት 2 ቀን፣ ቀኖቹ ሳይከታተሉ። ከዚህ ጋር ግድግዳ ይዘው በእግር ጣት መነሳትና በዝግታ መውረድ፣ በላስቲክ ወደ ሆድ መጎተት ይጨመር። ትንፋሽ መያዝ የደም ግፊትን ስለሚያሻቅብ ሲነሱ ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ ያድርጓቸው፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን አይዝም። ጉልበታቸው ትንሽ ቢያማቸው አይደንግጡ፤ ከ10 ውስጥ 3 ወይም 4 የሚሰጡት ከሆነና በማግሥቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥላሉ፤ ካልተመለሰ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ዙር ይቀንሱ። ትራሱን ለማውጣት ቀን አይቁጠሩ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በሁለቱም ዙር 8 ጊዜ መነሳት ሲችሉ ያውጡላቸው፤ ወንበሩ ዝቅ ሲል ዙሩን እንደገና ከ6 ያስጀምሯቸው።